«አገር ቤት ግቡ» ከተባለ፣ በየትኛው በር?

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሲከበር «ኑ፣ አገራችሁን እዩ» ተባልን። በ2014 ዓ.ም. ገናና ጥምቀት ደግሞ ጥሪው ቁጥር ተቆረጠለት፤ «አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ግቡ» ተባልን። መንግሥትን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ስለዚያ ጥሪ የበኩሉን ብሏል። ዶላሩ ለማን ይጠቅማል? ፖለቲካው የማን ነው? እየተባለ በየድረ ገጹ ተጻፈ፣ በየመድረኩ ተነታረክን። አንድ ጥያቄ ግን ከደጋፊም ከተቃዋሚም ሲነሳ አልሰማሁም። ከዚያ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ በዊልቸር የሚሄደው፣ በክራንች የሚራመደው፣ በነጭ በትር መንገዱን የሚዳብሰው፣ ጆሮው የማይሰማው ወገናችን አገር ቤት ሲገባ በየትኛው በር ነው የሚገባው?

«አገር እየነደደች፣ ሰው እየሞተ፣ አንተ ስለ ደረጃና ስለ ዊልቸር ትጽፋለህ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልስ አለኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን የምናወራው ስለ ማን እንደሆነ እንተዋወቅ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ገልጿል። ይህ የሩቅ ሰው ቁጥር አይደለም፤ በየቤታችን አለ። ስትሮክ ግማሽ አካሉን የያዘው አባት፣ ስኳር እግሯን ያሳጣት እናት፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ወገቡ የተበላሸ ወንድም አለን። በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ ከፎቅ ወድቀው፣ ተሰባብረው ወደ አገራቸው የሚመለሱ እህቶች አሉን። ከሁሉም በላይ ደግሞ በደርግ ዘመን በመተማና በሁመራ አድርጎ፣ ሌሊት ሌሊት በእግሩ እየተጓዘ ሱዳን የገባው ትውልድ ዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመቱን አልፏል። ያን ሁሉ በረሃ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ዛሬ አምስት ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። የቀረው ምኞት አንድ ነው፤ ሳይሞት የተወለደበትን ቀዬ ማየት፣ ላሊበላን መሳለም፣ የእናት የአባቱ መቃብር ላይ ቆሞ ማልቀስ። እኛ «ቱሪዝም» ብለን የምንጠራው ነገር ለዚህ ሰው መዝናኛ አይደለም። የዕድሜ ልክ ስደቱ መዝጊያ ነው።

ጉዞ ሰንሰለት ነው

እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ጉዞን የሚያስበው እንደ አንድ ነገር ነው። ቲኬት ይቆርጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አካል ጉዳተኛ መንገደኛ ግን ጉዞን የሚያየው እንደ ሰንሰለት ነው። ከቤት እስከ አየር ማረፊያ፣ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ከበሩ እስከ መቀመጫው፣ ከዚያ በረጅሙ በረራ ላይ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ መውረጃ፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ የሆቴሉ በር፣ ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ በር። ከእነዚህ ቀለበቶች አንዷ ከተበጠሰች የቀሩት ቢጠነክሩ ዋጋ የላቸውም። ሆቴሉ ባለ ስንት ኮከብ ቢሆን መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ ካለ ለዊልቸር ተጠቃሚው ሆቴል አይደለም፤ ግድግዳ ነው። መስማት ለተሳነው መንገደኛም የበር ለውጥ በድምፅ ማጉያ ብቻ ከተነገረ አውሮፕላኑ እዚያው ፊቱ ቆሞ ያመልጠዋል።

የዚህን ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበቶች ከኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ሲመጡ «ዊልቸር አስመዝግብላቸው» የማይባባል ቤተሰብ የታለ? እግራቸው ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ቋንቋ ስለማይችሉ፣ በፍራንክፈርት ወይም በደለስ ኮሪደር እንዳይጠፉ ብለን እናስመዘግባለን። በዋሽንግተን አካባቢ አየር ማረፊያዎች ዊልቸር ከሚገፉት ሠራተኞች መካከልም ብዙዎቹ የኛው ወንድሞችና እህቶች ናቸው። በዝቅተኛ ደመወዝ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገፉ የሚውሉ፣ ያለ አስተርጓሚ የስንቱን እናት እንባ ያበሱ ናቸው።

ይህ አገልግሎት በነጻ የሚሰጠው ግን አየር መንገዶቹ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1986 የወጣ ሕግ አየር መንገዶች በአካል ጉዳት ምክንያት መንገደኛን እንዳያገሉ ከለከለ። ከግንቦት 2009 ጀምሮ ደግሞ ደንቡ ወደ አሜሪካ የሚበርሩና ከአሜሪካ የሚነሱ የውጭ አየር መንገዶችንም አስገደደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ የሚያደርገው በረራም በዚሁ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። አውሮፓም በ2006 የራሱን ደንብ አወጣ፤ ደንቡ ከሐምሌ 2008 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ መንገደኛውን ከመግቢያ እስከ መቀመጫ የማድረሱ ኃላፊነት፣ ያለ ክፍያ፣ የአየር ማረፊያው ሆነ። በጥቅምት 2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አሜሪካን ኤርላይንስን በዊልቸር ተጠቃሚ መንገደኞች አያያዝና በተሰበሩ ዊልቸሮች ምክንያት 50 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ደግነት አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው። ቅጣት አለ፤ ስለዚህ ሥርዓት አለ።

ሰንሰለቱ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከቦሌ በር ወጣ ሲባል ነው። ዊልቸር የሚጭን ማንሻ ያለው መኪና ፈልጉ ብትባሉ ከየት ታመጣላችሁ? ሆቴሉ በእብነ በረድ ያጌጠ ደረጃ አለው። ሊፍት ያለው ሕንፃ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል። ዘመድ ቤት እናርፋለን ካላችሁ ዘመድ ያለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ዊልቸሩ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንዲት የስልሳ ስምንት ዓመት እናት የሚቀርላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በጎረምሶች ትከሻ መውጣትና መውረድ፣ ወይ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ መቀበል። «አገሬን አይቼ መጣሁ» ማለት ይቻላታል?

ወረቀቱ እኛ ጋ፣ መወጣጫው እነሱ ጋ

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ። ብዙዎቻችን የአሜሪካን መወጣጫ፣ ሊፍትና ሰፊ በር ስናይ የሀብት ውጤት ይመስለናል። አይደለም። የትግል ውጤት ነው።

በ1973 የወጣ ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ከለከለ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ሳይፈረም አራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል ሕንፃ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጣም አሉ። ከመሪዎቹ አንዷ በልጅነቷ በፖሊዮ የተጎዳችው ጁዲት ሂዩማን ነበረች። የጥቁሮቹ ታጋዮች፣ ብላክ ፓንተሮች፣ ትኩስ ምግብ እያመጡ መገቧቸው። ደንቡ በዚያው ወር ተፈረመ። በመጋቢት 1990 ደግሞ የታላቁ ሕግ ረቂቅ ሲጓተት ሰልፈኞች ክራንቻቸውንና ዊልቸራቸውን ከካፒቶል ደረጃ ግርጌ ጥለው፣ በደረታቸውና በክርናቸው እየተሳቡ ወደ ላይ ወጡ። ከመካከላቸው የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረች። ሕጉ ሐምሌ 26 ቀን 1990 ተፈረመ።

የዋሽንግተኑ አንባቢ ይህን የሩቅ ታሪክ ካደረገው በየቀኑ የሚሳፈርበትን ሜትሮ ያስብ። ባቡሩ በ1976 ሥራ ሲጀምር በመሃል ከተማ ያለው የጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ አብሮ አልተከፈተም። ለአካል ጉዳተኛ መውረጃ ሊፍት ስላልነበረው ፍርድ ቤት አስቆመው። ባቡሩ ወራት ሙሉ ጣቢያውን እያለፈው ሄደ፤ የተከፈተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ዛሬ ሻንጣችንን፣ የልጃችንን ጋሪ ይዘን የምንወርድበት ሊፍት ማን ታግሎ እንዳመጣው እናስታውስ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በታኅሣሥ 2006 ጸደቀ። አሜሪካ በ2009 ፈረመች፤ በ2012 ግን ሴኔቱ የሚያስፈልገውን ድምፅ ሳይሰጥ ቀረና እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። ኢትዮጵያስ? በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች! የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች ሙዚየሞችንና የቱሪዝም አገልግሎቶችን የመጠቀም፣ በተቻለ መጠንም የአገር ቅርስ የሆኑ ሐውልቶችንና ሥፍራዎችን የማየት መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። የራሳችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲዘጋጅላቸው ደንግጓል። ይህ ከተጻፈ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ስንት ሕንፃ ተሠራ? ከስንቱ በር ላይ ደረጃ አለ?

ወረቀቱ እኛ ጋ ነው፤ መወጣጫው እነሱ ጋ። ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእብነ በረድ ደረጃ ለማሠራት የተገኘው ገንዘብ ለመወጣጫ አይጠፋም ነበር። ልዩነቱ ሕጉን የጣሰ ሰው ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ በር የተዘጋበት ሰው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል። እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚያደርገው «አቅም በፈቀደ መጠን» ነው ይላል። አቅም የሚፈቅደውም የማይፈቅደውም ባለሥልጣኑ ሲሻው ነው። ሕግ አላጣንም፤ ያጣነው ሕጉን የሚፈራ ነው። ስለ ምርጫ፣ ስለ ፕሬስ፣ ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት ስንጮህ የኖርንበት በሽታ እዚህም ያው ነው።

መሸከምና መንገድ መሥራት

እኛ ኢትዮጵያውያን ጨካኞች አይደለንም። እንዲያውም መሸከም የምናውቅ ሕዝብ ነን። የታመመን በቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ የሚያቋርጥ፣ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ ቁልቢ የሚያደርስ፣ ሽባውን በበቅሎ አስቀምጦ እንጦጦ ጠበል የሚያስገባ ሕዝብ ነው። «ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ጉዞ» ዛሬ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የኢትዮጵያ ገዳማትና የጠበል ሥፍራዎች ለዘመናት አካል ጉዳተኛ መንገደኛ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው።

ነገር ግን ሸክም ችሮታ ነው። የሚሸከም ሲገኝ ትሄዳለህ፤ ሳይገኝ ትቀራለህ። የተሸከመህን ታመሰግናለህ፣ ትመርቃለህ፣ ዓይኑን ታያለህ፤ «ደከመው ይሆን?» እያልክ ያየኸውን ሳታይ ትመለሳለህ። መንገድ ግን ምስጋና አይጠይቅም። ሲነጋም ሲመሽም እዚያው አለ። አካል ጉዳተኛው የሚፈልገው የእኛን ትከሻ ሳይሆን የራሱን መንገድ ነው። መብት ማለት ይኸው ነው።

አበበ ቢቂላን እናስታውስ። በሮምና በቶኪዮ ዓለምን ያስደነቀው ጀግና በመጋቢት 1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን አጣ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። እዚያው በ1970 በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ፤ በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በዊልቸሩ የክብር እንግዳ ሆኖ ስታዲየሙ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። ዛሬ ስሙን በኩራት የምንጠራው ሰው የመጨረሻ አራት ዓመቱን የኖረው በዊልቸር ነው፤ በዊልቸርም ዓለምን ዞሯል። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ አበበ ዛሬ ቢኖር በስንቱ የአዲስ አበባ ሆቴል በር ያለ ሸካሚ ይገባ ነበር?

ሦስቱ ማመካኛዎች

የመጀመሪያው ማመካኛ «ድሃ ነን» የሚለው ነው። አንድ ደረጃ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው እንበል። አሜሪካኖች የሚሠሩበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለ15 ሴንቲሜትር 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ተዳፋት ማለት ነው። ሦስት ደረጃ ላለው በር 5 ሜትር ከ40 ይበቃል። የበሩ ስፋት 81 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ዊልቸር ያልፋል። ይህ በፕላኑ ላይ ከተሳለ ተጨማሪ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ውድ የሚሆነው ሕንፃው ካለቀ በኋላ አፍርሶ ለመሥራት ሲሞከር ነው። ለነጋዴው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። አካል ጉዳተኛ ብቻውን አይጓዝም። እናታቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች የሚያርፉት እናታቸው መግባት የምትችልበት ሆቴል ነው። በሩ ላይ ያለችው ደረጃ አንዲትን አሮጊት ብቻ አትመልስም፤ ስድስት አልጋ ይዛ ትሄዳለች።

ሁለተኛው «ቅርሱ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚለው ነው። የአቴንስ አክሮፖሊስም ከአለት ላይ የተሠራ ነው፤ ያውም ከክርስቶስ ልደት በፊት። ግሪኮች ለ2004ቱ ፓራሊምፒክ ለዊልቸር የሚሆን ማንሻ ገጠሙ። እሱ አርጅቶ ማስቸገር ሲጀምር በታኅሣሥ 2020 አዲስ ሊፍት ተከሉ፤ የሚያስኬድ መንገድም ሠሩ። መንገዱ ኮንክሪት በመሆኑ የቅርስ ባለሙያዎች ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። ትምህርቱ ግን ይህ ነው፤ ቅርሱን ሳይነኩ መዳረሻውን ማስተካከል ይቻላል።

ወደ ላሊበላ እንምጣ። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዋሻና ጠባብ መተላለፊያ የበዛባቸው ናቸው። ሁሉንም በዊልቸር እንግባ የሚል የለም፤ ኮንቬንሽኑም «በተቻለ መጠን» ነው የሚለው። ነገር ግን በየፖስተሩ፣ በየካላንደሩ፣ በየሬስቶራንታችን ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶግራፍ ልብ ብላችሁ እዩት። መስቀሉ የሚታየው ከየት ነው? ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ነው! ወደ 12 ሜትር ገደማ ወደሚጠልቀው ጉድጓድ ሳይወርዱ የሚታይ ነው። እስከዚያ አፋፍ የሚያደርስ ደህና መንገድና መከለያ ማበጀት የቅዱስ ላሊበላን ያህል ጥበብ አይጠይቅም። ማየት ለተሳነው ደግሞ በእጁ የሚዳብሰው የቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ቅርጽ ቢሠራለት ሌሎቻችን በዓይናችን ያየነውን በጣቱ ያነበዋል። በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የምትታየው ድንቅነሽ እንኳ ዋናዋ ሳትሆን ቅጂዋ ናት። የሚዳሰስ አንድ ቅጂ መጨመር ምን ይከብዳል?

ሦስተኛው ማመካኛ መጀመሪያ ላይ ያቆየሁት ነው። «አገር እየነደደች…» የሚለው። እውነት ነው። ላሊበላ ራሷ በ2021 በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገለባበጥ አይተናል፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮም አማራ ክልል ሌላ ጦርነት ገብቷል። ሰላም በሌለበት መንገድ ማንም እንዲሄድ አልመክርም። ግን ጦርነት ምን ያመርታል? ሙት ብቻ አይደለም የሚያመርተው፤ እግር የሌለው፣ እጅ የሌለው፣ ዓይን የሌለው ወጣት ያመርታል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን በተደረገው ጦርነት በየትኛውም ወገን ተሰልፎ አካሉን ያጣ ወጣት ነገ ታክሲ መሳፈር፣ ባንክ መግባት፣ እህቱ ሠርግ ላይ መገኘት አለበት። እሳቱ የዊልቸሩን ጥያቄ አያሳንሰውም፤ ያበዛዋል እንጂ። ሰላም ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠሩት ሆቴልና መንገድ ናቸው። ያኔ ማን እንዲገባባቸው ተደርገው ይሠራሉ? ጥያቄው ዛሬ ካልተነሳ ያን ጊዜ ይረፍዳል።

በቅርቡ የተሠሩትስ? የአንድነት ፓርክ በ2019፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2020 ተመርቀዋል። «ገበታ ለአገር» በሚል ወንጪ፣ ጎርጎራና ኮይሻ ላይ ሎጆች ተሠርተዋል። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ለእነዚህ ግን «አለቱ ጥንታዊ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቅ። ዊልቸር የሚገባባቸው ክፍሎች ስንት ናቸው? የታል በጽሑፍ?

ጣታችንን ወደ ራሳችን

እዚህ ላይ መንግሥትን ወቅሶ ማቆም ይቀላል። ግን ወገኖቼ፣ በቦሌና በሲ.ኤም.ሲ.፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ከሚሠሩት መካከል ስንቱ የኛ ሰው ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ሬስቶራንት ሲከፍት ተቆጣጣሪው መጥቶ የመጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት በሜትር እንደሚለካበት የሚያውቅ፣ ሕጉን አክብሮ መወጣጫ ያሠራ ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ሬስቶራንት ሲሠራ ስድስት ደረጃ ያስቀምጥበታል። ያወቀውን ረስቶ አይደለም። የሚቀጣው እንደሌለ ስላወቀ ነው። በየሰልፉ «ሕግ ይከበር» ስንል ኖረን፣ ሕግ የማያስከብር መንግሥት ስናገኝ ተመቸን ማለት ነው?

እዚሁ ስደት ላይም ችግር አለ። የአሜሪካው ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በገዛነው ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ደጃፍ መወጣጫ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ተቆጣጣሪ ሳይሆን ሕሊናችን ነው። የየቤተ እምነታችሁን በር እስቲ በዚህ ሳምንት ልብ ብላችሁ እዩት። የማኅበራችሁ ስብሰባ የሚደረገው ምድር ቤት ነው ወይስ ፎቅ? ሊፍት አለው? የምልክት ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ተጓዦች ሆቴል ስንይዝ በጽሑፍ እንጠይቅ። መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ አለ? የመኝታውና የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲሜትር ይሰፋል? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል? «ይመቻል» የሚል ቃል አትመኑ፤ ፎቶ ላኩልኝ በሉ። አካል ጉዳተኛ ያልሆነውም ይጠይቅ። አንድ ሰው ሲጠይቅ እብድ ይባላል፤ መቶ ሰው ሲጠይቅ ገበያ ይባላል።

ሁለተኛ፣ አየር መንገድ ላይ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እናሳውቅ። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከሆነ ክብደቱንና የባትሪውን ዓይነት ጽፈን እንያዝ፤ ከመስጠታችን በፊት በየጎኑ ፎቶ እናንሳው። ዊልቸሩ ቢሰበር ወይም መንገደኛው ቢጉላላ ጉዳዩን ተመልክቶ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሠራተኛ እንዲመጣ መጠየቅ ከአሜሪካ በሚነሳና ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ መብት ነው። አገር ቤት በሚደረገው የውስጥ በረራ ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣው በምን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። በማንሻ? በመወጣጫ? ወይስ በሰው እቅፍ?

ሦስተኛ፣ አገር ቤት የምትገነቡ ወገኖች አርክቴክታችሁን አንቀጽ 36ን አምጣ በሉት። ለወላጆቻችሁ ቤት ስትሠሩም ምድር ቤት ላይ አንድ መኝታና አንድ ሰፊ በር ያለው መታጠቢያ ይኑር። እርጅና ለሁላችንም ይመጣል፤ ዛሬ የምንሠራው ደረጃ ነገ የሚጠብቀው እኛኑ ነው።

አራተኛ፣ ይህን ትግል አገር ቤት ሆነው ለዓመታት የያዙ አሉ። በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ከእነሱ አንዷ ናት። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም አሉ። እኛ አዲስ ድርጅት ከምናቋቁም ለእነሱ የሕግ ወጪ እንርዳ። አሜሪካ ላይ የተከፈተው በር በክስ ነው የተከፈተው፤ ለክስ ደግሞ ጠበቃ፣ ለጠበቃ ገንዘብ ያስፈልጋል። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ የሚገኝ አንድ ፍርድ ከመቶ ወርክሾፕ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ፖለቲከኞቻችን። ፕሮግራማችሁን አየሁት፤ ስለ ባንዲራ ሦስት ገጽ አለው። ስለ በር አንድ መስመር ጨምሩበት።

አገር ማለት ሰው ነው እንላለን። ሰው ከሆነ በእግሩ የሚሄደው ብቻ አይደለም። አካሉ የጎደለውን ልጇን ደጅ ላይ አስቁማ ጤነኛውን ብቻ የምታስገባ እናት አትኖርም፤ እናት አገር ብለን ከጠራናትም በዚሁ ልክ እንጠይቃት። እስከዚያው ድረስ ይኼኛው መንግሥትም ሆነ ነገ የሚመጣው «አገር ቤት ግቡ» ሲለን ሻንጣ ከማዘጋጀታችን በፊት ይህችን አጭር ጥያቄ እናስቀድም።

በየትኛው በር?

ቸር ያሰማን።